ፍልሰታን በዕድሜ አትከፋፍሉብን

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ዝናቡም ከቤት አያስወጣምና ታገሡኝ። ካስተማርኳችሁ መካከል ሙስሊሞችም ፕሮቴስታንቶችም እንዳላችሁ አውቃለሁ። የማነሣው የቤታችንን፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ጉዳይ ነው። ግን አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ግቢ እያመለኩ እንዳይተዋወቁ የሚያደርገው ነገር የእናንተንም ደጅ ሳያንኳኳ አይቀርም፤ እናንተም አንብቡት።

ሐሳቤን ከፊት ልበለው፦ ክረምት በገባ ቁጥር ልጆቻችንን ስለ ቤተ ክርስቲያን እናስተምራለን እያልን ከቤተ ክርስቲያን እያስወጣናቸው ነው።

አጋነንክ የሚለኝ ካለ በዚህ ክረምት ወደ አጥቢያው ጎራ ይበልና ይይ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ጉባኤ ያገኛል። ሕፃናቱ በአዳራሽ ወይም በድንኳን "የክረምት ኮርስ" ይማራሉ። ወጣቱ ማታ ማታ በትልቅ ድምፅ ማጉያ መዝሙርና ስብከት አለው። አባቶችና እናቶች ደግሞ ፍልሰታ ሲገባ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ትርጓሜ ይሰማሉ። ሦስቱም በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ በር ይወጣሉ። ስም ለስም ግን አይተዋወቁም። እንደ ፈረቃ ትምህርት ቤት፣ የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል።

ዘንድሮ ደግሞ ባሰ። እኔ በማገለግልበት አጥቢያ ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ነበረን። እዚያ አንድ ሐሳብ ቀረበ፦ በፍልሰታ ሕፃናቱ ቅዳሴ ስለሚረብሹ አዳራሽ ውስጥ ይቆዩ፣ ቁርባን ሲደርስ ብቻ ተሰልፈው ይምጡ። ለውሳኔ ቀጠሮ ተይዟል፤ ነሐሴ 1 ከመግባቱ በፊት ይቆረጣል። ሐሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ድንኳን የሚተክሉት፣ ጭቃ የሚጠርጉት፣ ከኪሳቸው ደብተር የሚገዙት እነሱ ናቸው። ጠቤ ከሐሳቡ ጋር ነው። በስብሰባው የተሰጠኝ ሦስት ደቂቃ ስላልበቃኝ ቀሪውን እዚህ ልጨርሰው።

እኔ ባለ ዲፕሎማ መምህር ነኝ እንጂ የመጻሕፍት ሊቅ አይደለሁም። ክፍል ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ልጆችን በዕድሜ የሚደረድረው ወዶ አይደለም። ስድሳ ልጅ ለአንድ መምህር፣ አርባ ደቂቃ ለአንድ ትምህርት ሲሆን ሌላ መላ የለም። ደወል አለ፣ ስም ጥሪ አለ፣ ሮስተር አለ፣ ደረጃ አለ። ይህ የብዛትና የጊዜ እጥረት ያመጣው ዘዴ ነው። እኛ ግን የክረምት ኮርስ ስንከፍት ይህንኑ ዘዴ እንዳለ አምጥተን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተከልነው። ምድብ ሀ፣ ምድብ ለ፣ ፈተና፣ አንደኛ ሁለተኛ፣ በመጨረሻም ሰርተፊኬት። ኮርሱ ምንም አይጠቅምም አላልኩም። በሐምሌ ብዙ ልጅ የቤተ ክርስቲያን ታሪክና የግእዝ ቁጥር የሚያውቀው በእሱ ነው። ችግሩ ኮርሱን የአምልኮው ምትክ ስናደርገው ነው።

ምትክ ሲሆን ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰባቱን ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን በቅደም ተከተል ጽፎ መቶ ከመቶ ያመጣ ልጅ፣ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ስገዱ ሲል ግራ ቀኙን ያያል። አጠገቡ የቆሙት እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ግን መቼ እንደሚሰገድ፣ መቼ ተሰጥኦ እንደሚመለስ፣ መቼ ዝም እንደሚባል ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰውነታቸው ያውቀዋል። ልጁ የሚያውቀውን እሳቸው በስሙ አይጠሩትም። እሳቸው የሚኖሩትን ልጁ አልቀመሰውም። ሁለቱ ቢገናኙ ሁለቱም ሙሉ ይሆኑ ነበር። እኛ ግን መካከላቸው የአዳራሽ ግድግዳ አቆምን።

እስቲ ቅዳሴውን ራሱን እንየው። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። በብዙ አጥቢያ ከዲያቆናቱ አብዛኞቹ ገና ጢም ያላወጡ ልጆች ናቸው። አረጋዊው ቄስ ያለ እነዚያ ልጆች መቀደስ አይችሉም። ልጆቹም ያለ ቄሱ ምንም ማድረግ አይችሉም። ሁለቱም የሚመልስላቸው ሕዝብ ያስፈልጋቸዋል። እንግዲህ "ልጅ ይረብሻል" የምንለው፣ ጧፍ ይዞ መስቀል ተሸክሞ ልጅ እያገለገለን ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀናቸው ተጠምቀው ያን ዕለት የሚቆርቡበት ቤት ነው ይህ። ቤተ ክርስቲያን አፉን ሳይፈታ የተቀበለችውን ልጅ፣ እኛ አፉን ከፈታ በኋላ ይረብሻል ብለን እናስወጣው?

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የሚቆርብ ሰው ቅዳሴውን ከመጀመሪያው ማስቀደስ አለበት ብለን የምናስተምረው እኛው ነን። ትልቅ ሰው ዘግይቶ መጥቶ ሰልፍ ቢገባ "አላስቀደስክም" ብለን እንመልሰዋለን። ታዲያ ለትልቁ የከለከልነውን ለሕፃኑ ሥርዓት አድርገን እንጻፈው? ልጁ ከዚህ ምን ይማራል? ቅዳሴ ማለት መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ነገር መቀበያ ሰልፍ ነው ብሎ ነው የሚማረው። አድጎም እንዲሁ ያደርጋል። ያን ጊዜ "የዛሬ ወጣት" እያልን እናማርራለን።

መጽሐፉም ከእኛ ጋር ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 31 ሙሴ ሕጉ ሲነበብ ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም መጻተኛውም በአንድነት እንዲሰበሰብ ያዝዛል። ኢዩኤል ጾም ሲያውጅ ሽማግሌዎቹን ጠርቶ ጡት የሚጠቡትንም ይጨምራል። ጌታችን በ12 ዓመቱ የተገኘው በመቅደስ፣ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ነው። ጳውሎስም የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን ስም ይጠራል። ሦስት ትውልድ በአንድ ዓረፍተ ነገር። እኛ ሦስት አዳራሽ ለምን አስፈለገን?

"ታዲያ ትምህርቱስ?" ይባላል። ፍልሰታ እኮ ራሱ ትምህርት ቤት ነው! ጾሙ ሐዋርያት በአንድነት የያዙት ሱባኤ መታሰቢያ ነው፤ በአንድነት የሚለውን አስምሩበት። ሌሊት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሰው ሰዓታት ይቆማል። ጠዋት የቅዱስ ኤፍሬም ውዳሴ ማርያምና የአባ ሕርያቆስ ቅዳሴ ማርያም ይተረጎማል። አንዱ ንባቡን ይላል፣ መምህሩ ይተረጉማል፣ ምሥጢሩን ያወጣል፣ ታሪክ ይጨምራል። ከዚያ ቅዳሴ ይገባል። የተተረጎመው እዚያው ይጸለያል፣ የተጸለየው እዚያው ይቆረባል። መምህር ሆኜ ልንገራችሁ፣ ጠዋት የተማሩትን ከቀትር በኋላ በተግባር የሚያገኙበት እንዲህ ያለ የትምህርት ዕቅድ እኔ በሥልጠና አልተሰጠኝም። ቤተ ክርስቲያን ግን አዘጋጅታ አስቀምጣዋለች። እኛ ልጆቹን ከዚህ ላይ አንሥተን ድንኳን ውስጥ "ስለ ፍልሰታ ጾም አጭር ማስታወሻ" እናስገለብጣቸዋለን።

የአብነት ትምህርት ቤቱንም አስቡት። ፊደል ቆጣሪው፣ ዳዊት ደጋሚው፣ ዜማ ቀጻዩ ሁሉም በየኔታ ዙሪያ ነው። የበላዩ የበታቹን ያስቀጽላል። የኔታ አንድ ናቸው፤ አስተማሪው ግን ብዙ ነው። እኛ በመንግሥት ትምህርት ቤት "አንድ ለአምስት" ብለን በሪፖርት የሞላነውን፣ የኔታ ያለ ሪፖርት ሠርተውታል። ማኅሌትም እንዲሁ ነው። ዝማሜ በሰሌዳ ተጽፎ አይለመድም። ከሚያውቀው ኋላ ቆሞ፣ መቋሚያው ሲነሣ አይቶ፣ ሲወርድ አብሮ ወርዶ ነው የሚለመደው።

ይህ መንገድ ሲቋረጥ ምን እንደሚጠፋ በእኛ አጥቢያ አይተናል። አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩን፤ በቅርቡ አረፉ። ቀብራቸው አምሮ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባል በሙሉ ልብሰ መዝሙሩን ለብሶ በሰልፍ ዘመረላቸው፣ ብዙ ፎቶም ተነሣ። ከዚያ ሁሉ ዘማሪ መካከል ከእሳቸው አንዲት ምዕራፍ ዜማ የተማረ አልነበረም። ከመዝሙር መለማመጃ አዳራሹ እስከ ቤታቸው ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ሸኘናቸው እንጂ አልወረስናቸውም። አሁንም ሌሎች አባቶች አሉን። አንዳንዶቹ ይህን ክረምት ራሱ በምርኩዝ ነው የሚያልፉት።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ በስብሰባው ላይ የሰማኋቸው ናቸው።

"ይረብሻሉ።" አዎ፣ ልጅ ይረብሻል። ግን አርባ ልጅ በአንድ ጥግ ስታጉር ነው ረብሻው የሚባባሰው፤ ይህን ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም። አንድ ልጅ ከአንድ አያቱ ጎን ነጠላዋን ይዞ ሲቆም ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ደክሞት ቢቀመጥ ይቀመጥ፣ ቢያንቀላፋም ዕጣኑ እየሸተተው ያንቀላፋ። ከልጅ ለቅሶ ይልቅ ቅዳሴ መካከል የሚጮኸው የትልልቆቹ ስልክ ነው። ለስልኩ አዳራሽ አልተሠራለትም።

"ግእዙ አይገባቸውም።" የትኛው ልጅ ነው ሰዋስው ተምሮ አፉን የፈታው? ቋንቋ የሚለመደው በሚናገሩት መካከል በመኖር ነው። ደግሞስ ለእኛ ገብቶን ነው እንዴ? ብዙዎቻችን ለዓመታት አብረን የመለስነውን ተሰጥኦ ተርጉሙ ብንባል አንገታችንን እንደፋለን። ስለዚህ የግእዙ ትምህርት ለልጅ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። አባትና ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ቢማሩ የሚያፍር ካለ አባት ነው፤ ያ ሀፍረት ደግሞ አይገድልም።

"ወጣቱ አይመጣም፣ ይሰለቻል።" ለወጣቶቹ ደግሞ በግልጽ ልንገራችሁ፤ አብዛኞቻችሁ ተማሪዎቼ ናችሁ፣ አትቀየሙኝም። ታዋቂ ዘማሪ መጣ ሲባል ሦስት አጥቢያ በዝናብ ታቋርጣላችሁ። የራሳችሁን አጥቢያ መሪጌታ ስም ግን አታውቁም። የአንድ ደቂቃ ስብከት በቲክቶክ እያያችሁ "ተባረክሁ" ትላላችሁ። የአንድ ሰዓት ትርጓሜ ግን "የሽማግሌ ነገር" ነው። ሽማግሌው የሚናገረው ያልገባችሁ ስላረጀ ሳይሆን አጠገቡ ተቀምጣችሁ ስላልጠየቃችሁት ነው። በተለይ ከዩኒቨርሲቲ የተመለሳችሁ የግቢ ጉባኤ ልጆች፣ እናንተ ድልድይ መሆን ስትችሉ አራተኛ ጉባኤ አትክፈቱ።

አባቶችና እናቶችም አታመልጡኝም። ልጅ ወደ ውስጥ ዘለቅ ሲል "ወግድ ከዚህ" የምትሉ አላችሁ። በአክብሮት ልለምናችሁ፤ ዛሬ የተቆጣችሁት ልጅ ነገ አይመለስም። ሲመለስም በጢሙ፣ በጥያቄውና በቁጣው ነው። ወላጆች ደግሞ ኮርሱን "ከመንገድ ይጠብቅልን" ብላችሁ ልጁን በባጃጅ ልካችሁ እናንተ ቤት አትቅሩ። ቤተ ክርስቲያን የልጅ ማቆያ አይደለችም። ልጅ አባቱ የላከውን ሳይሆን አባቱ የቆመበትን ነው የሚከተለው።

ባሕር ማዶ ያላችሁ ተማሪዎቼም ይህ ነገር ይመለከታችኋል። አሜሪካ ያላችሁት፣ እናንተ ዘንድ ፍልሰታ የሚውለው ኦገስት ውስጥ፣ በበጋ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ልጅ ልታሳድግ ከአገር ቤት የመጣች አያት ትኖራለች። እሷ እንግሊዝኛ አታውቅ፣ ልጁ አማርኛ አይመልስ። የእናንተ ግድግዳ ከእኛ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ለልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ ማስተማራችሁ ተገቢ ነው። ግን ለብቻ አዳራሽ ሰጥታችሁ አትተዉት። በእነዚህ 15 ቀናት ቢያንስ አያቲቱና ልጁ ጎን ለጎን ይቁሙ። አብሮ መስገድ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ነቅፎ ዝም ማለት ቀላል ነው፤ ስለዚህ ምን ይደረግ የሚለውን ላስቀምጥ። አንዱም በጀት አይጠይቅም።

1. ኮርሱ በሐምሌ ይሰጥ። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ግን አዳራሹ ይዘጋና ሁሉም ወደ ትርጓሜውና ወደ ቅዳሴው ይግባ። ኮርሱ ለፍልሰታ ማዘጋጃ እንጂ መወዳደሪያ አይሁን።

2. እያንዳንዱ ልጅ ከአንድ ትልቅ ሰው ጎን ይቁም። አያት ይሁን፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ይሁን። ቤተሰቡ ለማያስቀድስ ልጅ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወላጅን አማክሮ ያገናኘው፤ ሁሉም ነገር በሰው ፊት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይሁን።

3. ከትርጓሜው በኋላ ሃያ ደቂቃ የልጆች ጥያቄ ይሁን። መምህሩ ይመልሱ፣ የግቢ ጉባኤ ልጆች ለታናናሾቹ ያቅልሉት።

4. ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው። በ15 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ዕለት ሁለት ጊዜ ይደርሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ትልቁ ለልጁ ይንገር፣ በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ለትልቁ ይንገር። ፈተናው ይኸው ነው፤ ሰርተፊኬት አያስፈልገውም።

5. ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር ነው፤ ቡሄ። በታቦር ተራራ ሙሴና ኤልያስ ከጴጥሮስ፣ ከያዕቆብና ከዮሐንስ ጋር ተገናኙ፤ ብሉይና ሐዲስ በአንድ ብርሃን ቆሙ። የእኛ ልጆች ግን በየሆቴሉ በር ብር ለመሰብሰብ ነው የሚሮጡት። ዘንድሮ መጀመሪያ እርጅናና ዝናብ ከቤት ያስቀራቸውን አረጋውያን ደጅ ያንኳኩ። ሆያ ሆዬውን ለእነሱ ይበሉላቸው፣ ችቦውን በደጃቸው ያብሩላቸው፤ እነሱም ይመርቋቸው። ሙልሙሉን የሰፈር እናቶች ይጋግሩታል።

ይህ ሁሉ ይበጠበጣል? መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ይበጠበጣል። ልጅ ያለቅሳል፣ አንድ አባት ይቆጣሉ፣ አንዱ ወጣት ስልኩን ያወጣል። ከዚያ ይለመዳል። መማር ማለት ሲጀምር ጫጫታ ነው፤ ጸጥ ያለ ክፍል ሁሉ የተማረ ክፍል አይደለም። ጸጥ ያለ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። ጸጥታ ስንፈልግ ልጆቹን ካስወጣን የምናገኘው ጸጥታ ሃያ ዓመት ቆይቶ የሚመጣው፣ ባዶ ወንበር ብቻ የሚቀርበት ጸጥታ ነው።

ለአጥቢያዬ የሰበካ ጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤት አመራሮች፦ ይህን እንደምታነቡት አውቃለሁ። ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። በዚህ እሑድ ቅዳሴ ላይ ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ እናቶችና ሕፃናት ከሚቆሙበት ቁሙ። አንዲት እናት የልጇን እጅ ይዛ እንዴት እንደምታማትበው እዩ። ያንን አዳራሽ ውስጥ በነጭ ሰሌዳ ማን ያስተምርልናል? መልስ ካላችሁ እኔ ድንኳኑን ራሴ እተክላለሁ። ከሌላችሁ ሐሳቡን አንሡት።

ሌሎቻችሁም ነገሩ የእናንተ አጥቢያ ጉዳይ ጭምር ነው። ዛሬውኑ ጠይቁ፦ "በፍልሰታ ልጆቻችን የት ነው የሚሆኑት?" ብላችሁ። መልሱ አዳራሽ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉላቸው። የማትስማሙ ደግሞ በኮሜንት ሞግቱኝ፤ እመልሳለሁ። ስድብ ግን የፍስክ ነው፣ ለመስከረም አቆዩልኝ።

ከልጅ እስከ ሽማግሌ በአንድነት የምንጾመው፣ የምናስቀድሰው ሱባኤ ያድርግልን።